ሦስት መቶ አርባ ብር

ደብተሩ እኔ ጋ ነው። ጥግ ጥጉ ተበልቷል፣
የሲፈን የቅባት ጣት ሽፋኑ ላይ ቀርቷል።
ሂሳብ ያዥ ነበርኩኝ፤
የስድስት ሴት አደራ ሎከር ውስጥ ያኖርኩኝ።

መስከረም ማብቂያ ላይ ፔዳ ግቢ ገባን፤
ሳንጣላ ተኮራርፈን፣ በየአልጋው ሆድ ባባን።
ዘርትሁን ከደጀን፣ ሐዳስ ከአዲግራት፣
ዙሃራ ከባቲ፤ ሲፈን ከአምቦ፣ ይዛ የእናቷን እራት፤
ማስተዋል የዚሁ ልጅ፣ ከሽምብጥ በእግሯ መጥታ
የላይኛው አልጋ ደርሷት ሳምንት አደረች ፈርታ።

ውኃ የሚመጣው ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው፣ ቧንቧው ሲያጓራ።
የነቃች ለሁሉም ትቅዳ አልን፤ ያ ሆነ የመጀመሪያው ሥራ።
ከዚያ በወር አሥር ብር፤ ለዘገየች ሁለት ብር ቅጣት።
ኮሪደሩን አርጥበን፣ ከእንቅልፏ ብንቀሰቅሳት
«የባልዲ ማኅበር!» ብላ ፕሮክተሯ ስትቆጣ፣
ወደድነው። ስም ከዚህ በላይ ከየት ይመጣ?

ጥቅምት፣ እምቦጭ ነቀላ።
አውቶብሱ ጭቃው ዳር ጣለን ገና ጎህ ሲቀድ፤
ሐይቁ አይታይም፤ ሐምራዊ አበባ ብቻ፣ ዓይን የሚያሳብድ።
«ይህን ያህል ውበት ልትነቅሉ?» ዙሃራ ጠየቀች።
አንድ አሥጋሪ ባዶ መረቡን አነሣላት፤ ቀሚሷን ሰበሰበች፣
ገባች።
እስከ ወገብ ጣና፣ እስከ ክርን ሥር።
አልቅት ሐዳስ ባት ላይ ሲጣበቅ ጩኸቷ ዘጌ ድረስ ሳይሰማ አይቀር።

ታኅሣሥ ላይ የወር አበባ መጠበቂያ ሰፋን፣
ከፍላኔል ቁራጭ፣ አንዲት መርፌ እየተቀባበልን፣
በወር አራት ቀን ከክፍል ለሚቀሩት
ለሰባታሚት ልጆች። አንዷ ተቀብላ ደረቷ ላይ ያዘችው
እንደ ሰርተፍኬት።

የካቲት። የጎረቤት ድምፅ በስልክ፦
«ጥሩዬ፣ አባትሽ ወድቋል።»
መሳፈሪያ የለኝም።
የሎከሩ ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው።
አልጠየቅኩም። አልጻፍኩም።
ቆጠርኩ፦ ሦስት መቶ አርባ ብር።

አባቴ ተረፈ።
ገጹ ግን ባዶ ቀረ፤ ቀን ብቻ የተጻፈበት።
ከዚያ ወዲያ ማንም ሳያዘኝ ባልዲውን እኔ ሞላሁ፣
በተራዬም፣ ያለ ተራዬም፤
ዘርትሁን ካልኩለስ ወድቃ አምስቱ አልጋዋ ላይ ሲሰበሰቡ
እኔ ቧንቧው ሥር ቆሜ
ውኃ በሌለበት ሰዓት ውኃ እጠብቃለሁ።
«ጥሩ፣ ምን ሆነሻል?»
«ምንም።»
ምንም የሚሉት ቃል እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

ሰኔ፣ የመጨረሻው ስብሰባ፣ ሐይቁ ዳር ሾላ ሥር።
የተጠበሰ ዓሣ በጋዜጣ፤ ከወዲያ፣ ዓባይ ከሚወጣበት፣ ጉማሬ ሲያንኮራፋ፣
ዙሃራ «ዝናቡ ሳይመጣ ሂሳቡን!» አለች፤ እኔ ፊቴ ጠፋ።
እንዲህ ልል ነበር፦ «እህቶቼ፣ ሌባዋ...»
ገለጥኩት።

የካቲት ገጽ ላይ አምስት ቀለም፣ አምስት የእጅ ጽሑፍ።
ገቢ፣ ስልሳ ስምንት ብር። የዙሃራ ስምንት፣ ወገቧ የላላ።
ገቢ፣ ስልሳ ስምንት ብር። ሲፈን፣ ከነቅባቷ።
ስልሳ ስምንት፣ ማስተዋል፣ በማስመሪያ የተሰመረ።
ስልሳ ስምንት፣ ዘርትሁን፤ ካልኩለስ የወደቀችው
ለአምስት ማካፈሉን አልሳተችም።
ስልሳ ስምንት፣ ሐዳስ።

ቁልፉ ካንገቴ ወርዶ አያውቅም።
ለካ የዶርማችን ሎከር ሁሉ በሹካ ይከፈት ኖሯል።

ማንም ቀና ብሎ አላየኝም።
ሲፈን የዓሣውን አጥንት ትለቅም ነበር።
ከገጹ ግርጌ ብቻ፣ በሐዳስ ጠማማ እጅ፦
«ጥሩዬ። ስለዘገየሽ፣ ቅጣት ሁለት ብር።»

ተመርቀን ተበተንን፤ ስንት ክረምት አለፈ።
ሁለቱን ብር እስከ ዛሬ አልከፈልኩም።
ሐዳስ በደወለች ቁጥር ትጠይቀኛለች፤
«ይቆይ» እላታለሁ፣
«ዕዳ ካለ ማኅበሩ አልፈረሰም።»