ቁልል ምድጃ አይደለም

ታርቱ ከተማ ላይ፣ ውርጭ ወንዙን ሲያረጋው፣
የቤተ መጻሕፍቱን ማሽን አንድ ሰው ነካው።
በር አልተሰበረም፣ መስኮት አልጎደለም፤
የገባው በስም ነው፤ ስሙ ግን ስም አይደለም።

ቅጹ «ስምዎ ማነው?» ብሎ ነው የጠየቀ፣
ስልሳ አራት ፊደል ስፍራ ይዞ የጠበቀ።
እንግዳው ጻፈ፣ ጻፈ፣
ስልሳ አራቱን አለፈ፣
መቶ ሞላ፣ ሁለት መቶ፣
ከሳጥኑ ገንፍሎ ወጥቶ፣
ከጎን ያለችውን ትንሽ ማስታወሻ፣
የፕሮግራሙን የመመለሻ አድራሻ፣
ፍቆ
የራሱን ጻፈባት፣ አሳምሮ፣ ተጠንቅቆ።

ማሽን የዋህ ነው። «ተመለስ» ሲሉት ተመለሰ፤
ቤቱ መስሎት ሄዶ እዚያ ስም ውስጥ ደረሰ።
ማንበቡን ትቶ መታዘዝ ጀመረ፤
ፊደል መስሎ የተኛው አዛዥ ሆኖ አደረ።

ይህን ሲያጫውቱኝ፣ አልደብቅም፣ ሌባውን አደነቅሁ፤
ሰሙ የሰው ስም፣ ወርቁ ትእዛዝ፤ ቅኔውን አወቅሁ።
ቅኔ ቤት ቢሆን ኖሮ «ይበል!» ያሰኝ ነበር፤
እዚህ ያጠፋው ግን የሰባት ዓመት ድካም ነበር፣
ማን ምን መጽሐፍ እንደ ተዋሰ
መስመር በመስመር የተጻፈበት መዝገብ።

ቪርቬ ሳርማ ናት የማሽኖቹ ጠባቂ፣
ጣቱ የተቆረጠ የሱፍ ጓንት አጥላቂ፣
ስትናደድ ዝም የምትል፣ ዝም ስትል አስጨናቂ።
ያን ሌሊትም ዝም አለች፤
ዝም ብላ አባቷን አሰበች።

ኤንደል፣ ቮኑ መንደር፣ በጎተራው ደጅ፣
የበርች ፍልጥ ሲቆልል፣ ለብርዱ ሲያዘጋጅ፦
«መጨረሻ የጫንሽውን መጀመሪያ አንሺ፤
ከሥር አትምዘዢ፤ ይናዳል፣ አትርሺ።»
ደግሞ አንድ ቀን፣ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች፣
ክብሪት ይዛ ከቁልሉ ጥግ ቁጢጥ እንዳለች
አገኛት። አልመታትም። ክብሪቱን ቀማትና፦
«ቁልል ምድጃ አይደለም። እንጨት እዚህ ይቀመጣል፤
መንደድ የፈለገ ግን በበሩ በኩል ይመጣል።»

ከርነሉን ከፈተች፤ የስርዓቱን እንብርት።
ሠሪዎቹ ለቁልሉ አላበጁለትም መዝጊያ ብረት፤
ያለው አንድ ወሰን ነው፣ «ትእዛዝ እስከዚህ» የሚል፤
ወሰኑን ሳበችው፣ ጎተተችው፣ ቁልሉን ውጭ እስኪጥል።
ከዚያ ወዲያ ያለው ይጻፍ፤ ይነበብ፤
ትእዛዝ መሆን ግን አይታሰብ።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ያንኑ ስም መልሳ ላከች።
ፕሮግራሙ ተንደርድሮ ደጁ ላይ ሞተ። እሷም ሳቀች።
ፕሮግራም ይሙት፤ ቤት ይትረፍ።

ሲነጋ ካልዮ መጣ፣ በረዶውን ከጫማው ሳያራግፍ፤
የገጠር ንግግር መዝገበ ቃላቱ እምቢ ብሎታል ለመጻፍ።
የዱሮ ፕሮግራም ነው፣ የዱሮ አመል አለው፤
ቁልሉ ላይ ትንሽ መሰላል ሠርቶ ነው የሚሻገረው።
ሌባ አይደለም፤ መንገዱ ግን የሌባ ነው።
ቪርቬ ሽማግሌውን አየችው። ሥራው አሥራ ሰባት ዓመት፣
ገና «መ» ላይ የደረሰ።
«ለዚህኛው ብቻ» ብላ አንዲት ቀዳዳ ተወችለት።

በሚያዝያ፣ በረዶው ሲሰነጠቅ፣ ሌባው ተመለሰ።
በዚህ ጊዜ እንጨት አልያዘም።
በላከው ስም ውስጥ አንድ ትእዛዝ አልነበረም፤
አድራሻ ብቻ፣ ከአድራሻ ላይ አድራሻ፣
ቤቱ ውስጥ ድሮም የነበሩ ቃላት መድረሻ፦
ይህን ክፈት፣ ያንን አሂድ፣
ሁሉም የቤቱ ንብረት፣ ሁሉም በሕግ የሚሄድ።
እሱ ቅደም ተከተሉን ብቻ ሰጠ፣
የሰው ስንኝ እየቆራረጠ
የራሱን እርግማን እንደሚገጥም ሰው።

ቪርቬ ጓንቷን አወለቀች። ወንዙ ደጅ ይጮኻል።
ክብሪቱን ቀምታ ነበር፤ ምድጃው ግን እዚያው ይነዳል።