ሰኞን በሦስት መቶ

ባቲ ላይ ሰኞ ነው፤ ገበያው ሲፈላ፣
ብር ከእጅ እጅ ሲዘል፣ ሰው ከሰው ሲጣላ፣
ከሉባባ ሱቅ ፊት ጥላውን መርጬ፣
የገባ የወጣውን ቆጠርኩ ተቀምጬ።
ሃያ ስድስት ሽርጥ፣ ዐሥራ አንድ ሻሽ ሸጠች፤
አንዲት ሴት ደግሞ ዋጋ ጠይቃ ሄደች፤
እሷንም ጻፍኳት፣ ልትመለስ ትችላለች።

ከዚያ ሰኞን ይዤ
በሦስት መቶ አባዛሁ።
ማክሰኞ ባቲ ላይ ዝንብ እንኳ እንደማይሸምት
እያወቅሁ
አባዛሁ።
ወረዳው ዕቅድ አለው፣ ዞኑ ዕቅድ አለው፣
ዕቅድ የሌላት ማክሰኞ ብቻ ነበረች።

ቅሬታዋን በሁለት ገጽ አጽፋ መጣች።
«ሰኞ እኮ ነው የቆጠርከኝ!»
«በሥራ ሰዓት ነው የቆጠርኩሽ» አልኳት፣
«ቀጣይ!»
በነሐሴ ዝናብ በሯ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፤
ክብ ማኅተም፣ ሰያፍ ፊርማ፣ «ታሽጓል»።
ሙጫው እጄ ላይ ቀረ። በሳሙና አጠብኩት።

ያን ዓመት ከዕቅዱ መቶ ሦስት ከመቶ ተቆጠረልኝ፤
የግድግዳ ሰዓት በጭብጨባ ሸለሙኝ።
በዓመቱ የሚቆጠር ሱቅ አጣሁ፣ ዕቅድ ጎደለ፤
በግምገማው ላይ «አቶ ውብእሸት ሰነፈ» ተባለ፤
ወንበሬም ሌላ ሰው አዘለ።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፣
ይላሉ። እኔ አልበላሁም፤ ይኼን እንኳ ጻፉልኝ።
የጥንት ጌታ ለሰው ግብር ያበላ ነበር፤
እኔ ሰውን ለግብር አበላሁ።

ሻርጃ። ሮላ ሰፈር።
የመኪና ማቆሚያ ዘብ ነኝ፤
ሰሌዳ እመዘግባለሁ፣ የገባ የወጣ።
ልማድ ቪዛ አይጠየቅም።
ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣
ጥላ ራሱ ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ሥር ሲገባ፣
ውሃ ልገዛ ከጀርባ ወዳለችው ባቃላ ጎራ አልኩ፤
ሽሮ በከረጢት፣ የስልክ ካርድ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ቀሚስ፣
ከሚዛኑ ኋላ አንዲት ሴት።

ቀና አላለችም።
«ዛሬ ማክሰኞ ነው» አለችኝ። «ቁጠር።»

የዘይት ቆርቆሮ ላይ ቁጭ አልኩ። ቆጠርኩ።
አንድ ሕፃን፣ ለማስቲካ፤ ሳንቲም ጎደለው፣ ማረችው።
አንድ የኬረላ ሹፌር፣ ሲጋራ ጠይቆ የሄደ፤
ጻፍኩት። መልሼ ሰረዝኩት።
መግሪብ ሲቃረብ ነጭ ካንዱራ የለበሰ ወጣት ገባ፤
የግብር ሰው ነው፣ ሳይናገር አወቅሁት፤
ዐይኑ ከዕቃው በፊት መሳቢያው ላይ አረፈ።
ማሽኑን ፈተሸ፣ ከመቶ አምስቱን አሰላ፣
በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ፣ ይኼስ ማነው እንደማለት።
ሉባባ በአረብኛ መለሰች፤
ከመልሷ አንድ ቃል ብቻ ለየሁ፦ ሒሳብ።
ወጣቱ ሳቀ።
እኔም፣ ምን እንደተባልኩ ሳላውቅ፣ ሳቅሁ።

የውሃዬን ደረሰኝ ቆርጣ ሰጠችኝ።
እዚህ አገር ደረሰኝ ኪስ ውስጥ አይከርምም፣
ሙቀቱ ቀለሙን ይልሰዋል።
ከፓስፖርቷ ልባስ አንድ ወረቀት መዘዘች፣
አራት ጊዜ የታጠፈ፣ ጠርዙ የተበላ፤
«ግምታዊ የቀን ሽያጭ»፣ ከሥሩ የእኔ ፊርማ።
እሱ እስክሪብቶ ነው። አልለቀቀም።

መልሳ አጠፈችው።
«ነገ ረቡዕ ነው» አለች፣
መብራቱን እያጠፋች።