ከሽንታ በታች

ተራዬ ሌሊት ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፤
አያ እንየው መጥቶ፣ በባትሪ አይቶ ቦዩን፣
«አስረበብ፣ ያንቺ ነው፤ ጨርሺ ጎህ ሳይቀድ፤
ከዚያ የጓዴ ነው፤ ነገር እንዳይወለድ።»

ድንጋዩን አንስቼ፣ ጭቃውን በዶማ
ገለል ሳደርገው ነው ድምፁ የሚሰማ፤
ቀስ እያለ ገብቶ በጨለማ ሲልስ
የሽንኩርቱን እግር፣ የሰላጣውን ራስ።

ሽንኩርት ጥቂት ይሻል፣ ግን ደግሞ ቶሎ ቶሎ፤
ሥሩ አጭር ነው፣ አይወርድም አፈር ፈልፍሎ።
ራስ ሲቋጥር ጊዜ አራት ቀን ብትነፍጊው
ቂሙን አይረሳም፣ ኋላ ብታጠግቢው።
ሊነቀል ሲል ደግሞ፣ አንገቱ ሲዘምም፣
ውሃ የቀመሰ እንደሆን ክረምቱን አይከርምም።
ጎመን ሆዳም ነው፣ ያገኘውን ይጠጣል።
ሰላጣ ግን የዋህ ነው፤ መዳፉን ዘርግቶ ይቀበላል፣
ከላይ የፈሰሰበትን ሁሉ ያምናል።

ቀሃ ጥምቀት አለው፣ አንገረብም ቧንቧ፤
ለሽንታ የደረሰው የፌስታል አበባ፣
የጋራዡ ዘይት፣ የሆቴሉ እጣቢ፣
ደግሞም በሌሊት ከየቱቦው የሚለቀቅ፣
ስሙን ባልጠራው የሚሻል።
ቁልቁል ነው አገሩ። ሁሉም ወደ እኔ ይላል።

በጥር አንዲት ልጅ መጣች፣ ምንታምር የምትባል፤
ጓንት አጥልቃ በሦስት ብልቃጥ ቀዳች፦
ከወንዙ፣ ከቦዩ፣ ከሰላጣው ቅጠል እጥበት።
ብዕር የመሰለ ነገር ነክራ ቁጥር አነበበች።
«ጨዉ ደህና ነው፤ ሽንኩርትሽ ይወደዋል» አለች።
ከዚያ ዝም።
ብልቃጦቹን በረዶ ውስጥ ቀብራ ሄደች።

በሳምንቱ ወረቀት ይዛ መጣች፤ ቆማ ነበር ያነበበችልኝ።
«ለተክሉ መልካም ውሃ ነው፣ እማማ። ለበላተኛው አይደለም።»
«ታዲያ ይህ ሁሉ ልምላሜ?» አልኳት።
«እሱማ ከዚያው ነው» አለችኝ።
ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲሉ
ዋናተኛን ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ ገበያ አንዲት ባለ ሆቴል
ሰላጣዬን አንስታ፣ አሽታ፣ ልትጥል፣
«የሽንታ ነው አይደል? በሽታ!» አለችኝ።
ቱቦዋን አውቀዋለሁ፤ በእኔ ማሳ አናት ነው የሚፈስ።
ጅብ ከላይ ቆሞ እየጠጣ፣ አህያን ከታች
«ውሃዬን አደፈረሽብኝ» ያላት ትዝ አለኝ።
«ሳታማኸኝ ብላኝ» ልላት አፌ ደረሰ።
ዋጋ ቀነስኩላት።

እኔም ጻድቅ አይደለሁም።
ከጓሮዬ አንዲት መደብ አለች፣ ሁለት ክንድ፤
በቀን ሁለት ጀሪካን የቦኖ ውሃ ትጠጣለች፣
በሳንቲም ቆጥሬ፣ በጣሳ ለክቼ።
የልጆቼ ሰላጣ ከዚያች ነው።
ምንታምር አየቻት። ምንም አላለችም፤
ማለት ከቻለች ይልቅ ይህ አመመኝ።

ይኸው አሁን ጉድጓድ ቆፍሬ ውሃ አስተኛለሁ፤
ሁለት ቀን ይረጋል፣ ጭቃውም ይሰክናል፤
በቅጠል ላይ ሳይሆን በእግር በእግሩ እለቃለሁ፤
ሰላጣውን ትቼ፣ ተቀቅሎ የሚበላ ድንች አስገብቼ።
ጎረቤት «ውሃ ታስተኛለች፣ እሹሩሩ!» ይላል።
ይበል።

ሊነጋ ነው። የመድኃኒት መርጫዬን አውልቄ
እንደ ሁልጊዜው ቦዩ ላይ ላለቀልቅ አጎነበስኩ፤
ውሃው ከእግሬ ሥር ወደ መገጭ ይጣደፋል፤
ከመገጭ በታች ደምቢያ አለ፤ እዚያም
ዘጠኝ ሰዓት ተራዋን የምትጠብቅ አንዲት ሴት አለች።
ለእሷ ላይኛዋ እኔ ነኝ።

እጄ ቆመ።
«ዝጊ እንጂ፣ ነጋኮ!» ይላል ጓዴ።