ለሣጥኑ ሠሪ

ላይፕዚሽ፣ ፕላግቪትስ፣ ቦዩ ዳር ካለው የጡብ ፋብሪካ፣
ፍሪደሪከ ጠርታን ሄድን፣ ሣጥኗን ልንለካ።
አራት ጊታር መቺ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የቀዘቀዘ ሻይ፤
«ምን ይጎድለዋል?» አለች፣ «ሳትሸነግሉኝ፣ እውነቱን ልይ።»

ሣጥኑ ትንሽ ነው፣ ከአንድ ሙልሙል ዳቦ ብዙም አይበልጥም፣
ሦስት መቶ አምፕሊፋየር በሆዱ ይዞ ወገቡ አይጎብጥም።
የለንደኑ አለ፣ የካሊፎርኒያው፣ ስሙ የጠፋበት፣
ባለቤቱ ሞቶ ልጆቹ በጨረታ የተጣሉበት፤
ሁሉም ቁጥር ሆኖ፣ አንድና ዜሮ፣
እንደ ስንቅ ተቋጥሮ፣ ባንድ ከረጢት ታስሮ።

ያኮብ ቀደመ፤ ያኮብ ችኩል ነው።
«ድምፁስ መልካም፣ ስመታው ግን የሚዘገየው ምንድን ነው?
በጣቴና በጆሮዬ መካከል አንዲት ስንጥር ገብታለች፣
ሚሊሰከንድ ትሏታላችሁ፤ እኔን ግን ትወጋኛለች።»

ማርሊዘ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለች፤
«ስድሳ ዓመቴ ነው» አለች፣
«ጨለማ መድረክ ላይ ስክሪኑ የጉንዳን ሰልፍ ሲሆንብኝ፣
ምናለ ወፍራም ቁልፍ ብትሰጪኝ፣ ጣቴ የሚያውቀው፣ ዓይኔን የማይለምነኝ?»

እኔ የሃለው ነገር ትዝ ብሎኝ ሳቄ መጣ።
ቅዳሜ ማታ ነበር፣ ሃለ ከተማ፣ ምድር ቤት መሸታ ቤት፣
ሶሎው ሊደርስ አራት ምት ሲቀረው፣ ሁሉም ዓይኑን የጣለበት፣
ሣጥኔ (የድሮው፣ የሌላ ኩባንያ) ጸጥ አለና፣
«ማሻሻያ በመጫን ላይ፣ እባክዎ ይጠብቁ» አለኝ በትሕትና።
ጠበቅሁ። ምን ላድርግ?
ኡቨ ከበሮውን ይወቅጣል፣ ሰባት ደቂቃ፣ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ፣
እኔ ቆሜ አያለሁ ያችን ቀጭን መስመር፣ እንደ ቀንድ አውጣ ስትንፏቀቅ፣ ስታርፍ።
ሰው ግን አጨበጨበለት፤ ከዚያ ወዲህ ኡቨ በየዝግጅቱ ሶሎ ይጠይቃል።
«እንግዲህ» አልኋት፣ «መሻሻል ደግ ነው፣ ይገባኛል፤
ግን ሰርጉ መሃል የሚሻሻል ሙሽራ ማን ያምነዋል?»

ሳቀች፤ ጻፈች። እርሳሷ አጭር ነው፣ ጫፉን ታኝካለች።
«ሌላስ?» አለች።

ሌላማ አለ። የድሮው አምፕሊፋየሬ ሃያ ሁለት ኪሎ፣
አራተኛ ፎቅ፣ ያለ ሊፍት፣ በጀርባዬ ታዝሎ፤
አምፖሎቹ ሲግሉ አቧራው ይሸታል፣ እንደ ተተኮሰ ሱፍ፣
ሳይነኩት ያጉረመርማል፣ እንዳረጀ ድመት በእንቅልፍ።
ዝናብ ሲጥል ይከፋዋል፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ይለግማል፣
ቀስ ብለው ቢነኩት ያንሾካሽካል፣ ቢቆጡት ይቆጣል።
ያንን ልግመት ማን ቆጠረው? በስንት ዜሮ ይጻፋል?

ደግሞ ከሥሬ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሄር ኖትናግል ነበረ፣
ጡረታ የወጣ የትራም ነጂ፣ ጢሙን ያሳመረ።
ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን፣ ሕጉ «ጸጥ!» ሲል፣
በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን፣ የኔን ወለል፣
ዶ፣ ዶ፣ ዶ። ሦስት ጊዜ። አንዳንዴ፣ ምዬ እናገራለሁ፣ ልክ ምቱ ላይ ያርፍ ነበር፤
ባሲስታችን እንኳ እንደሱ ሰዓት አያከብር።

ሣጥን ገዛሁ፣ ሄድፎን ሰካሁ፤ ቤቴ ዝም አለ።
ጆሮዬ ውስጥ ስታዲየም፤ ከውጭ የሽቦ ጭረት ብቻ፣ ከአይጥ የቀለለ።
ሁለት ሳምንት አለፈ። በሦስተኛው በሬ ተንኳኳ፤
ኖትናግል ነው፤ በነጠላ ጫማ፣ ያለ መጥረጊያው እንኳ።
«ታመህ ነው» አለኝ፣ «ወይስ ሸጥኸው? አራት ሰዓት ሲደርስ እነቃለሁ፣
መጥረጊያውን አነሣለሁ፤ የምመታው ሳጣ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ።»

ይህን ሁሉ አልነገርኋትም። «ክፍሎች አሏችሁ» አልኋት፣
«ካቴድራል፣ አዳራሽ፣ ዋሻ፣ መታጠቢያ ቤት ሳይቀር፤
ባዶ ናቸው ግን፤ አንዱም ጋ ሰው የለም፣ ከሥር የሚያንኳኳ ጎረቤት ነገር።»
ያኮብ ሰዓቱን አየ።
እሷ እርሳሷን ነክሳ ቀና አለች፣ ሳትመልስ፤
«ወፍራም ቁልፍ ይሁን ብቻ» አለች ማርሊዘ፣ «በጨለማ የሚዳሰስ።»