እየጫነ ነው

ጦይባ ከኮምቦልቻ፣ ሐረጎን ስትወጣ፣
የመጀመሪያ ደሞዟ፣ ካርቶን ሆኖ መጣ።

ሸዋበር ላይ ጉሙ፣ ከደጅ ቆሟል እንደ እንግዳ፤
አባባ በቢላ ጫፍ፣ ማሸጊያው እንዳይጎዳ፣
ቀስ ብሎ ከፈተው።

ስፖንጅ። ሌላ ካርቶን። ገመድ። ሁለት ባትሪ።
«በቃ? ይኼው ነው? የቀረ እንዳለ ቁጠሪ!»
ከታች አንዲት ጥቁር ዕቃ፣ ሳሙና የምታህል፤
በመዳፉ መዘናት፤ ሺህ ፊልም እንዴት ይቅለል?

እሱ እኮ፣ የቪዲዮ ቤቱ፣ የሰኞ ገበያው እንድሪስ፣
ዴክ በጀርባው ያዘለ፣ ከደሴ ሐይቅ ድረስ፤
የህንዱን በአማርኛ፣ ቆሞ እየተረጎመ፣
ሴቷ ስታለቅስ አልቅሶ፣ ለተመታው የታመመ።

ሰካችው። ቀለበት ወጣ። ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ፤
ኔትወርኩ ከጦሳ ማዶ፣ በጉሙ ተሰወረ።

«ምን ይላል?»
«እየጫነ ነው።»
«ጭኖ ወዴት ሊሄድ?»
ሳቅን። እሱ ግን ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ተነሣ እንደ ልማድ፤
መብራቱን አጠፋና፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆመ፤
ድምፁ ሻካራ ነበር፣ ስንት ዓመት የከረመ።

በጣቱ ቀለበቱን እያሳየ፦ «ይኼ ልጅ
እናቱን ይፈልጋል፣ እየዞረ ከደጅ ደጅ...»

ጦይባ ሪሞቱን አስቀመጠች።