ሰላምታ የሌለበት ሦስት ቀን

ሐሙስ ዕለት እቁቡ ወጣ ለዘኪያ፤
ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ሳትል ወዲህ ወዲያ፣
«ፕራግ» አለች ከበሩ። «ምንድን ነው?» «ከተማ።
ሦስት ቀን ብቻ። ቀስ በል፣ ሰው እንዳይሰማ።»

ከልጃችን ደብተር ሁለት ቅጠል ቀደደች፣
ካሬ ካሬ ካለው። ‹ቀን አንድ› ብላ ጻፈች።

ቀን አንድ፦ የድንጋይ ድልድይ፣ ዕድሜው ስድስት መቶ፣
ሐውልት ተሸክሞ፣ ወንዝ ላይ ተኝቶ።
«ወንዙስ?» «ቭል... ቭልታቫ።» ምላሷ ታሰረ።
«አዌቱ ጠግቦ ቢያድር» አልኳት፤ ሳቋ ተዘረዘረ።
«ጫማ ያስፈልጋል፣ መንገዱ ኮብልስቶን ነው።»
«የኛ ሰፈርስ ምንድን ነው? ቀበሌ ያነጠፈው!»
ማደሪያው አራተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የለውም፤
ቁርስ ግን አለው። «የአሳማ» አለች፣ «አንነካውም።»

ቀን ሁለት፦ የጥንት ሰዓት፣ ግንብ ላይ የሰፈረ፣
ደወሉን ዐፅም ይስባል፣ ዕድሜ እየቆጠረ።
(የኛ ትምህርት ቤት ደወል የአይሱዙ የጎማ ብረት፤
መቺው አባ ፊጣ ሥጋ ለብሰዋል ገና፣ በአላህ ቸርነት።)

ቀን ሦስት ባዶ ቀረ። «ሙዚየም?» ስላት፣ «ተው።»
«ቤተ መንግሥቱስ?» «ጅሬን አለ፣ እሱን መች አየነው?»
«ታዲያ ምን ይጻፍ?»
«ምንም።
አግዳሚ ወንበር። ሌላ ምንም።»

«አየህ» አለች፣ «ከአጂፕ እስከ ፈረንጅ አራዳ
መንገዱ ለእግር ቀላል ነው፤ ለአፍ ነው እንጂ ዕዳ።
ፋርማሲዬን ከፍቼ ነጭ ጋወን ከለበስኩ
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ሳልጠራ አልተንቀሳቀስኩ።
‹ዘኪያ፣ ደህና አደርሽ? ልጆችሽ? እናትሽ?
ያ የሰጠሽኝ ክኒን፣ ከምግብ በፊት ነው ያልሽ?›
አንዱ ባጃጁን አቁሞ የደም ግፊት ያወራል፣
ሠርግ ቤት ብቀመጥ እንኳ ሽፍታ ከሩዙ ጋር ይቀርባል።
ብታመም ከኔ ቀድሞ ሄርማታ ይሰማል፣
ባዝንም ባላዝንም ፊቴን ገበያ ይተረጉማል።
እወዳቸዋለሁ፣ አትሳሳት። ግን ሦስት ቀን ብቻ
ሰው በሞላበት መንገድ ልሂድ ለብቻ።
ብስቅ ‹ለምን ሳቀች?›፣ ባኮርፍ ‹ምን ሆነች?›
የሚል አንድ ሰው ሳይኖር
ምነው ዐይኔ በሰው አገር አንዲት ጀምበር በሸኘች።»

ዝም አልኩ።
አንድ ትራስ ተጋርተን ዐሥራ ሰባት ክረምት
ይህን ድካም አላየሁትም፣ ወይ አይቼ አልፌዋለሁ፣ እንዳላየሁት።
እኔም እኮ ጠዋት ጠዋት፣ ዐይኗን ገና ሳትገልጥ፣
«መነጽሬን አየሽ?» ባይ ነኝ፣ አልጋው ላይ ስቀመጥ።
«ብቻሽን ትሄጃለሽ?» የሚለው ጥያቄ
ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ዋጥኩት፣ ተጨንቄ።
እሷ ግን ሳትጠየቅ፦ «ትኬቱ ሁለት ነው፤ አንተ ከወዲያ ጫፍ
ሳትጠራኝ ትቀመጣለህ፣ እንደማታውቀኝ፣ ያለ አፍ።»

ከዚያ ወረቀት መጣ፦ የባንክ፣ የሥራ፣ የጋብቻ፤
ፎቶው ጀርባው ነጭ የሆነ፣ ሳቅ የሌለው ብቻ።
‹የጉዞው ምክንያት› ይላል ቅጹ ላይ አንድ መስመር።
አየችኝ። አየኋት። ምን ተብሎ ይነገር?
‹ጉብኝት› ብላ ጻፈች፣ ሌላ ቃል ስለሌለው፤
የሚያነበው ሰውዬም እሱን ነው የሚያውቀው።
እስከ መጋቢት ይቆይ፣ ብርዱ ትንሽ ይለዝብ፤
ቪዛው እምቢ ካለም ብሩ ለጣሪያው ይሁን፣ ይህም አለ በሐሳብ።

ሌሊት ነቃሁ። መብራት የለም። በስልኳ ጭላንጭል
ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ዱዓ የምታደርግ ይመስል።
ተጠጋሁ። ከወረቀቱ ላይ፣ ከቀን ሦስት ባዶ ቤት ውስጥ፣
በኛው ፊደል ጽፋዋለች፣ ቃሉን ስታላምጥ፦
«ዶብሪ ዴን። ዶብሪ ዴን።»
«ምንድን ነው?» አልኩ በሹክሹክታ።
«እንደምን ዋላችሁ ነው» አለች፣ ዐይኗን ሳትነቅል ለአፍታ።
«አጠገቤ ሰው ቢቀመጥስ?
ዝም ልበለው?»