ሆደ ሰፊ

"ሆደ ሰፊ" ነበር ስሜ በሰፈሩ፤
ሰሙም ልክ፣ ወርቁም ልክ፣ አልዋሹም ሲናገሩ።
ሲሰድቡኝ እስቃለሁ፣ ሲገፉኝ እችላለሁ፤
ከቡሬ ስመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣
"ስንተኛ ወርሽ ነው?" ብለው ሲነሱልኝ
አመስግኜ እቀመጣለሁ፤
ያልፀነስኩትን ልጅ ታቅፌ
ፍኖተ ሰላም እወርዳለሁ።

የወር አበባዬ ያኔ እንደ ሩቅ ዘመድ ነበረ፣
በዓመት ሁለቴ ብቅ ይላል፣ ካልመጣም ቀረ።

ከዚያ አዲስ አበባ።
ሆዴን ከፍለው ሰፉት፣ አንጀቴን አዙረው ቀጠሉት፣
የእንቁላል ያህል አድርገው መለሱት።
ዛሬ ሦስት ማንኪያ ሽሮ ያጠግበኛል፣
አራተኛው ያስመልሰኛል።
ሰርግ ቤት "በሞቴ!" ሲሉኝ አፌን እዘጋለሁ፤
ስንቱን ዘመድ ዘንድሮ በቁሙ ገድያለሁ!
አክስቴ ላቀች ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች፦
"ደብቀውን ነው እንጂ፣ ይቺ ልጅ ታማለች።"

ስከሳ ግን ያ ሩቅ ዘመድ ቤቱን አወቀ፤
በየወሩ፣ ቀን ሳያዛንፍ፣ በሬን መታ፣ ዘለቀ።

ሐኪሟ አስጠንቅቃኛለች፦ "አስራ ስምንት ወር።
ለአንቺ ያልበቃ ደም ለሁለት አይበቃም፤
ሁለት ክረምት ጦሙን ይደር፣ መሬት ሲያርፍ አይከፋም።"

ባሌ ስሙ ቢያድግልኝ ነው።
እናቱ ሁለት ቀብራ ነው ሦስተኛውን እንዲህ ያለችው፤
ስም አይደለም፣ ስለት ነው።
አሁን ወገቤን በዓይኗ ትለካለች፣
"ቀለል ብለሽ የለ? እንግዲህ ምን ቀረሽ?" ትላለች።
"ሆድ ይፍጀው" እንዳልል
ሆዴ የእንቁላል ያህል ነው።

ማክሰኞ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።
የኪኒኑን እሽግ ከቦርሳዬ አውጥቼ "ይሄ አለኝ" አልኩ።
ሲስተር ባንቺአየሁ መነፅሯን ዝቅ አደረገች፦
"ይሄን አልመክርሽም" አለች።
"አንጀትሽ አቋራጭ መንገድ ሆኗል፣
ኪኒኑ ሳይሟሟ ሊያልፍ ይችላል፤
አንቺ ዋጥኩ ትያለሽ፣ ደምሽ አልሰማሁም ይላል።"
"መርፌውስ?"
"አንዳንዷን ያስርባል፣ ያወፍራል፤
በስንት መከራ የጣልሽውን ሥጋ
መልሶ ቢያሸክምሽ..." አልጨረሰችውም።
"ሉፕስ?"
"እሱ ደህና ነው፤ ከጨጓራሽ ጋር ጉዳይ የለውም።"
እኔ ግን ከዚያ ክፍል ወዲህ
ብረት በሳህን ላይ ሲንኳኳ ስሰማ
ጉልበቴ አይዘኝም።
አየችኝ። "እንግዲያው ክንድሽን አምጪ።"

ክንዴን!
ያን የግፊት መለኪያው ጨርቅ አልዞር ያለውን፣
ዛሬ ቆዳው እንደ ባዶ ስልቻ የተንጠለጠለውን።
አፍሬ እጅጌዬን ወደ ታች ስስብ
"ስልቻ የሚጣለው ሲቀደድ ነው" አለችና
ሰበሰበችው፣ አደነዘዘችው።
የክብሪት እንጨት የምታክል ነገር ናት፤
ወሬዋ የጦር፣ ሕመሟ የእሾህ ናት።
"ሦስት ዓመት ትቆያለች። ቀድመሽ ካሰኘሽ ግን ነይ፣
አወጣታለሁ። ማንንም አታስፈቅጂም።"

ማታ ቢያድግልኝ ክንዴን ሊንተራስ ሲል
"በዚያኛው" አልኩት።
በፋሻው ጠርዝ ጣቱን አስኬደ፣
ቀስ ብሎ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚነካ ሰው።
"ይቺ ናት?"
"ይቺ ናት።"
ብዙ ዝም አለ። ውጭ ባጃጅ አለፈ።
"እናቴ እኔን ለማግኘት ሁለቴ ቀብራ ጠብቃለች፤
ሳትቀብር መጠበቅ አያቅታት፣ እኔ እነግራታለሁ።"

አልነገራትም።
ሐሙስ ጠዋት በር ላይ ፋሻውን አየችና፦
"ክንድሽን ምን ሆንሽ?"
"ቀጠሮ ነው፣ እማማ።"
"የምን ቀጠሮ?"
"የልጅ ልጅሽ።"

አፏን ከፍታ ቆመች፤
እኔም እጅጌዬን አልጎተትኩም፣
ፀሐይ እንዲያየው ተውኩት።